ለዓሣ አንጎል ወደ ጣና

ሐዋሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር የሚሰበሰቡ ጎረቤቶቼ ከባሕር ዳር ከተመለስኩ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላቸው፤ «እውነት ለዓሣ አንጎል ብላችሁ ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጣችሁት?» አዎ፣ እውነት ነው። ለእያንዳንዱ ስመልስ ሥራ ስለተበላሸብኝ፣ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ እግር አሳጥሬ ከሰፋሁ በኋላ ይህን ለመጻፍ ወሰንኩ።

ባለቤቴ መስከረም የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፤ ሦስተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ሥራዋ በጨርቅ ካልተነገረኝ አይገባኝም። ሆርሞን የሚባለው ነገር ሰውነት ውስጥ እንዳለ ተሠርቶ አይወጣም። መጀመሪያ ረጅም ሰንሰለት ሆኖ ይሠራል፤ እሷ ቅድመ ሆርሞን ትለዋለች፣ እኔ ጣቃ እለዋለሁ። ከዚያ ጣቃ እየተቆረጠ አንዱ ቁራጭ ለድንጋጤ ጊዜ ይውላል፣ አንዱ ሕመም ያስታግሳል፣ ሌላውም ሌላ ሥራ አለው። መስከረም የምታጠናው ይህ ጣቃ በዓሣ አንጎል ውስጥ የት የት እንደሚገኝ ነው። አንጎሉን ከወረቀት አሳስታ ትቆራርጠዋለች፤ ጣቃው ያለበትን ቦታ ብቻ የሚያደምቅ ቀለም ታስነካዋለች፤ ከዚያ በማጉያው እያየች ቡናማ ነጥብ የታየበትን ሁሉ ካርታዋ ላይ ምልክት ታደርጋለች።

የእኛን የሐዋሳውን ዓሣ፣ የቆሮሶን፣ ካርታ ጨርሳለች። የቀራት የጣና ነጭ ዓሣ ነበር፤ በተለይም እንቁላል የያዘችው። እንቁላል ስትይዝ የጣቃው ቦታ ይቀየራል ወይስ አይቀየርም? ጥያቄዋ ይኸው ነው። ነጩ ዓሣ እንቁላል የሚይዘው በክረምት መውጫ ስለሆነ ያ ወቅት ካለፈ ዓመት መጠበቅ ነው። አንጎሉ ደግሞ ወዲያው ፎርማሊን የሚባል መድኃኒት ውስጥ ካልገባ ይበላሻል፤ ከገበያ የተገዛ ዓሣ አይሆንም። እንቁላል ከያዙ ዓሦች ቢያንስ የሦስት አንጎል ካላገኘች ዘንድሮ አትመረቅም ማለት ነው። መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ሳምንት ጠብቀን ተነሳን። ጎረቤቶቼም «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለው ሸኙን።

ሰኞ

እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ሁላችሁም ስለምታውቁት አላሰለቻችሁም። ባቱ ላይ ለምሳ የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን። መስከረም የሳህኑን ዓሣ ጭንቅላት በሹካ እየነካካች አንጎሉ የሚቀመጥበትን ስታሳየኝ አስተናጋጇ ሮጣ መጥታ «ምን ችግር አለው? ልቀይርላችሁ?» አለችን። አዲስ አበባ መናኸሪያው አጠገብ አደርን። መኝታ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መጋረጃው ግን ጥሩ ጨርቅ ነበር። የሰፋው ሰው እንደቸኮለ ከጠርዙ ያስታውቃል።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። የፎርማሊኑ ጠርሙሶች በሙሉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበሩ፣ ቦርሳውም ከወንበሬ ሥር። ጎሃ ጽዮን ላይ ቁርስ በልተን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል መጠማዘዝ ስንጀምር አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። የሆነ ሐዘን የደረሰባቸው መስሎኝ አንጀቴን በሉት። ቀጥሎ ከፊታችን ያለው ወጣት፣ ቀጥሎ ረዳቱ፣ ቀጥሎ እኔው ራሴ ማንባት ጀመርኩ። የአንዱ ጠርሙስ ክዳን ላልቶ ፎርማሊኑ እየፈሰሰ ነበር።

«ማነው ሽንኩርት የጫነ?» አለ ረዳቱ።

መስከረም ብድግ ብላ «እባካችሁ መስኮት ክፈቱ!» አለች።

የሚከፍት ሰው ጠፋ። እናታችን እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ መስኮቱን በእጃቸው ደግፈው ያዙት። «ልጄ፣ ለእኔስ ማልቀሱ ይሻለኛል፤ ንፋስ ከመታኝ ማን ያስታምመኛል?» አሉ። ሰው ሁሉ በዚህ ተስማማ። በሐዋሳ አውቶቡስም መስኮት ማስከፈት ከባድ ነው፤ እንዲህ ያለ ጽናት ግን አይቼ አላውቅም። ያን ትልቅ ሸለቆ፣ ሰው በፎቶ አይቶ የሚጎመጅለትን፣ እኛ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ተላቅሰን ተሻገርነው፤ ድልድዩን እንኳ በእንባ መካከል በጭላንጭል ነው ያየሁት።

ደጀን ስንወጣ ሾፌሩ ቆሞልን ቦርሳውን አጠብን። አብዛኛው ፎርማሊን አልቋል። መስከረም አላናገረችኝም፤ እሷ ዝም ስትል ነው የምፈራው። እናታችን ግን አልተቀየሙኝም። ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ከያዙት ዳቦ ቆርሰው «ያስለቀስኸን ሳያንስ ጦምህን ልትውል ነው? በል ብላ» አሉኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ባሕር ዳር ገባን። የመስከረም የልጅነት ጓደኛ ታደለች መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ነበር። እሷም የሐዋሳ ልጅ ናት፤ እዚያ አንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀጥራ ዓባይ ማዶ ቤት ተከራይታለች። ባጃጅ ይዛልን ድልድዩን ተሻግረን ቤቷ ገባን። የእኛን ጉድ ስትሰማ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ከዚያ ተነስታ ለአለቃዋ ደወለች፤ ፎርማሊን ተፈቀደልን። መስከረምም ከዚያ በኋላ ታናግረኝ ጀመር።

ረቡዕ

የሐዋሳ ልጅ ሆኜ ይህን መናገር አይቀለኝም፤ ግን ባሕር ዳር ታምራለች። ዘንባባዎቹ ጎዳናውን ግራና ቀኝ ይዘው ሲሄዱ የሆነ ባለሥልጣን ሊያልፍ የተሰለፉ ይመስላሉ። ሙቀቱ ከእኛው ጋር ይቀራረባል። ሐይቁ ግን ሌላ ነው። የእኛ ሐይቅ ከታቦር ተራራ ላይ ሆነው ሲያዩት ዙሪያው ሁሉ ይታያል፤ ጣና ማዶ የለውም። ከእኛ ሐይቅ የሚወጣ አንድም ወንዝ የለም፤ ያለውን ይዞ ይቀመጣል። ጣና ግን ዓባይን ያህል ነገር ሰጥቶ የሚጎድልበት አይመስልም። ብቻ እኛ ጋ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ዓሣ ገበያው መካከል እንደ ደላላ ሲንጎራደድ ይውላል፤ እዚያ አላየሁትም፤ በዚህ እንበልጣለን።

ታደለች ከሐይቁ ዳር የሚኖሩ ሐጂ ኢብራሂም የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ወሰደችን። ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ጀልባም ይሠራሉ። ግቢያቸው ገብተን ስናይ ግድግዳውን ተደግፎ የሚደርቅ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ቆሟል፤ እሳቸው ደግሞ በጎኑ የተገለበጠ የእንጨት ጀልባ እየጠረቡ ነበር። የጠረቡትን በመዳፋቸው ሲዳብሱት አየሁና ወደድኳቸው፤ እኔም ስፌት የምፈትሸው እንዲያ ነው።

መስከረም የመጣችበትን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የፈቃድ ወረቀቷንም አሳየቻቸው። ወረቀቱን አላነበቡትም። እሷን አዩ።

«እንቁላል የሌለውን የፈለግሽውን ያህል እናወጣልሻለን» አሉ። «እንቁላል የያዘችውን ግን አልሰጥሽም፣ ልጄ። አባቴ በክረምት መውጫ እንቁላል የያዘች መረባቸው ከገባች ወደ ውኃው ይመልሷት ነበር። እኔም ስመልስ ኖርሁ፤ ልጆቼም ይመልሳሉ። ሌላው እንዳሻው ያድርግ፤ የእኛ ቤት ወግ ይህ ነው።»

«ሐጂ፣ ሦስት ብቻ ነበር የምፈልገው» አለች መስከረም።

«አወቅሁልሽ። አንዲትም ብትሆን አላደርገውም።»

እንዲህ ያለ እምቢታ በቁጣ ቢሆን ይቀልላል። እሳቸው ግን ይህን ብለው ሻይ እንዲመጣልን አዘዙ።

ሐሙስ

ጠዋት ከሐጂ ጋር ወጥተን እንቁላል የሌላቸውን ዓሦች ይዘን ተመለስን፤ እነሱም ለማነጻጸሪያ ያስፈልጉ ነበር። በሕይወታቸው በባልዲ ውኃ ውስጥ አድርገን የሐጂን ባለቤት እትዬ ዘይነብን «እባክዎ በሕይወት እንዳሉ ይቆዩልን፤ ጭንቅላታቸው በተለይ እንዳይነካ» ብለን አደራ ሰጠን። ከዚያ ሐጂ አንድ ያደሱትን ጀልባ ውኃ ላይ ሲያወርዱ ልናይ ወደ ዳር ወረድን።

ስንመለስ የጥብስ ሽታ ከበር ተቀበለን። ባልዲው ባዶውን ተደፍቷል። ዓሦቹ ከነጭንቅላታቸው ተጠብሰው፣ ሚጥሚጣና ሎሚ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ትሪ ላይ ተኝተዋል።

መስከረም እንባዋ መጣ። እትዬ ዘይነብ ደነገጡ። «ምነው ልጄ? የሐዋሳ ሰው ዓሣ ጥሬውን ይበላል ሲሉ ሰምቻለሁ። እናንተም በሕይወቱ ይቆይልን ስትሉ ጊዜ ይህማ ሊበሉት ነው ብዬ ሰጋሁ። እኔ ቤት የመጣ እንግዳ ጥሬ በልቶ ሆዱን ሲታመም ቁጭ ብዬ አላይም! ጭንቅላት ትወጃለሽ ብዬ ደግሞ እንዳለ ነው የተውሁልሽ።»

ውሸት አይደለም፤ ሐዋሳ ጥሬ ዓሣ በሚያቃጥል ዳጣ እያጠቀስን እንበላለን፣ እኔም ቀንደኛው ነኝ። ሳቄ አፈነኝ። ሐጂ ነገሩ ሲገባቸው ኩፊያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። መጨረሻ ላይ መስከረምም ሳቀች፤ ቁጭ ብላም ጭንቅላቱን ሳይቀር በላች። የእትዬ ዘይነብ ጥብስ ከእኛ አገሩ ይበልጣል፤ ይህን ያልኩት ከዓሣ ገበያችን ሰዎች ጆሮ እንዳይደርስ።

ሐጂ የአሥር ሰዓት ሶላታቸውን ሰግደው እንደገና ሐይቅ ወጡልን። ባልዲው ሲሞላ መስከረም ግቢው ውስጥ ባለች ጠረጴዛ ላይ ሥራዋን ጀመረች። በአንድ ምት ዓሣውን ትገድለዋለች፤ ከዚያ በትንሽዬ መቀስ የራሱን አጥንት ከፍታ አንጎሉን ታወጣለች። ጣቶቿ አይቸኩሉም፣ አይዘገዩምም። ስትጨርስ እትዬ ዘይነብ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። ውስጡ ያለው ነጭ ነገር ባቄላ አያክልም።

«ይችን?» አሉ። «ይችን ለማየት ነው ከዚያ ድረስ የመጣችሁት?»

«ይችን ነው፣ እትዬ» አለች መስከረም።

«አላህ ያሳይሽ» አሉ፤ ጠርሙሱንም በሁለት እጃቸው ይዘው አስቀመጡት።

ዓርብ

የመጣንበት ዋናው ነገር ገና አልተገኘም፤ ጊዜያችን ደግሞ እያለቀ ነው። ጠዋት ብቻዬን ዓሣ ወደሚራገፍበት ሄድኩና ሰው አገኘሁ። ዓሦቹ እንቁላል ሊጥሉ ከሐይቁ ወደ ወንዝ በሚወጡበት አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው ነው፤ የፈለግነውን ያህል በሕይወታቸው ሊያመጣልን ቃል ገባ። በደስታ እየበረርኩ ታደለች ቤት ደረስኩ።

«አይሆንም» አለች መስከረም።

«ለምን?»

«የወንዙ አፍ ላይ መያዝ ዘር ማጥፋት ነው። ተማሪዎቼን ይህን እያስተማርኩ ኖሬ ለራሴ ሲሆን ልተወው? ፈቃዴም እዚያ አይደርስም።»

ተጣላን። አምስት ዓመት የለፋሽበት በአንድ ሽማግሌ ወግና በአንቺ ግትርነት ሊቀር ነው አልኳት። ታደለች ጨው ልትገዛ ወጣች፤ ቤቷ ጨው ሞልቶ ነበር።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐጂ ዘንድ ሄድን። መስከረም ገና እንደገባን ቀጥ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሐጂ፣ ወግዎን እንዲያፈርሱልኝ አልለምንዎትም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ወደ ውኃው የምትመልሷቸው ሁሉ ይተርፋሉ?»

ሐጂ ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። «ሁሏም አትተርፍም። መረብ አንቋት የደከመች አለች። እንዲያ ያለችዋን በእጃችን ውኃ ውስጥ እንይዛታለን። ከነቃች ትሄዳለች። ካልነቃችማ የአሞራው ድርሻ ናት።»

«እንግዲያው የአሞራውን ድርሻ ለእኔ ይስጡኝ።»

ሐጂ እንደገና ጺማቸውን ዳበሱ። እትዬ ዘይነብ ከጓዳ በር ላይ ሆነው «ምነው፣ ከአሞራ ታንሳለች?» አሉ።

ሐጂ ፈገግ አሉ። «ደግ። ግን መጀመሪያ እንይዛታለን። ነቅታ ከሄደች እጅሽን አታንሺባት።»

«ቃሌ ነው» አለች።

ስንወጣ የደከመች ዓሣ ጥናቱን አታበላሽም ወይ አልኳት። የአንድ ጠዋት ድካም ጣቃው የሚገኝበትን ቦታ አይቀይረውም አለችኝ። ከጠቡ በኋላ የመጀመሪያው ንግግራችን ይኸው ሆነ።

ቅዳሜ

ማለዳ ሐይቁ ላይ ነበርን። ሐጂ መረቡን ይስባሉ፣ መስከረም መቀሷንና ጠርሙሶቿን ጉልበቷ ላይ ደርድራለች፣ እኔ ጀልባዋ ውስጥ የገባውን ውኃ በጣሳ እቀዳለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የዓሣ ሞት የተመኘሁበት ጊዜ የለም።

የመጀመሪያዋን ሐጂ ከመረቡ ፈትተው ውኃው ውስጥ ያዟት፤ ጅራቷን መትታ ሄደች። ሁለተኛዋም ሄደች። ሦስተኛዋም። ሆዳቸው ሞልቶ፣ መስከረም ያን ያህል የተመኘችው አንጎል ውስጣቸው እያለ፣ ከዓይናችን ሥር ተራ በተራ ጠለቁ። ላጽናናት ብዬ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላት «የእኔ እንቁላል በክንፉ እየሄደ ነው» አለችኝ።

ከዚያ አንዷ ጎኗን ሰጠች። ሐጂ ፊቷን ወደ ሞገዱ አዙረው ወዲያ ወዲህ አደረጓት፤ እንደገና ሞከሩ። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ለመስከረም ሰጧት። አንጎሉ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ እኔ ክዳኑን ሁለት ጊዜ አጠበቅኩት። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሁለተኛዋ ተገኘች። አንዲት ብቻ ቀረች፤ መረቡም ሊያልቅ ነው።

ከመጨረሻው መረብ ላይ የወጣችው ከሁሉም ትልቋ ነበረች። ሆዷ በእንቁላል ተወጥሯል፤ ገመዱ መተንፈሻዋ ሥር ገብቶ አንቋታል። ሐጂ ፈቷትና የተቀረው መረብ እጃቸውን ስለያዘባቸው ወደ መስከረም ዘረጓት።

«ይችን አንቺ ያዣት፣ ልጄ። ነቃች አልነቃች አንቺው ፍረጅ» አሉና ፊታቸውን ወደ መረባቸው መለሱ።

መስከረም ከጀልባዋ ጠርዝ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ውኃው ውስጥ ያዘቻት። ዓሣዋ በጎኗ ተኝታለች። ሐጂ አያዩም። እኔ ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ «በቃ፣ ሞታለች» አልኳት።

«ገና ናት» አለች።

ሐጂ እንዳደረጉት ፊቷን ወደ ሞገዱ አዙራ ወደፊት ገፋች፣ ወደኋላ ሳበች። ክንዷ እስከ ክርኗ ረጥቧል። ቆየች። በጣም ቆየች። «መስከረም፣ አውጫት! ትበላሽብሻለች» አልኩ። ዓሣዋ አፏን አንዴ ከፈተች። እንደገና ከፈተች። ከዚያ ቀስ ብላ ጀርባዋን ወደ ላይ አቀናች። መስከረም እጇን ዘርግታ ለቀቀቻት።

ተናደድኩ። አልደብቅም፣ ጣሳውን ወረወርኩት። ሐጂ ዞር ብለው የመስከረምን ባዶ እጅ አዩ። ጥምጥማቸውን ፈትተው እጇን እንድታደርቅበት ሰጧት።

ዳር ስንደርስ ለአማካሪዋ ደወለች። ከፊቷ ሁሉንም አነበብኩት። ሁለቱ ጥሩ ናቸው፤ ግን በሁለት አይዘጋም፤ የሚመጣውን ክረምት መጠበቅ ግድ ነው። እትዬ ዘይነብ ምሳ ሳንበላ አንሄድም አሉ። በዚያ ምሳ ላይ ሐጂ የዓሣውን ለስላሳ ሥጋ እየለዩ ወደ መስከረም በኩል ይገፉ ነበር።

እሑድ

አውቶቡሱ ከባሕር ዳር ወጥቶ ሐይቁ ከኋላችን ሲቀር ጠየቅኳት።

«አይቆጭሽም?»

«ይቆጨኛል እንጂ» አለች። «እኔ አንጎል የማየው ሁልጊዜ ከሞተ በኋላ ነው፤ ተቆራርጦ፣ ቀለም ነክቶት። እዚህ አለ፣ እዚያ የለም እያልኩ ነጥብ አደርጋለሁ። ትናንት ግን ያ አምስት ዓመት የፈለግኩት ነገር ሁሉ እጄ ውስጥ ሲሠራ ተሰማኝ። ድንጋጤዋ፣ ሕመሟ፣ መንቃቷ፤ ሁሉም ጣቶቼ ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልጨብጣት?»

ሥራዋን ለደንበኞቼ እያብራራሁ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ እኔ ራሴ የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው። ትንሽ ቆይታ ትከሻዬ ላይ ተኛች። የቅዳሜዎቹን ሁለት ጠርሙሶች ቦርሳ ውስጥ አልከተትኳቸውም፤ በመሐረቤ ጠቅልዬ እስከ ሐዋሳ ድረስ በእጄ ይዣቸው መጣሁ።